ፍርሃት ቦታ ሲሻማ

47ን ከ38 ጋር በቃላችሁ ደምሩ። 7 እና 8፣ 15፤ 5ቱን ይዛችሁ 1 በእጅ። 4 እና 3፣ 7፤ በእጅ ያለችው 1 ስትጨመር 8፤ ድምሩ 85። ያቺን 1 ለጥቂት ሴኮንዶች አንጠልጥሎ የሚያቆየው ችሎታ የሥራ ትውስታ ይባላል። አለን ባድሊና ግራሃም ሂች የተባሉ እንግሊዛውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አሠራሩ ያቀረቡት ማብራሪያ ዛሬም ይጠቀሳል። አቅሙ ግን ጠባብ ነው፤ ኔልሰን ካዋን በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ መሠረት በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ያህል ነገር ነው።

ፍርሃት የሚገባው እዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። «ብወድቅስ? ቤተሰቦቼ ምን ይሉኛል?» የሚለው ሐሳብም እንደ ቁጥሩ ሁሉ ቦታ ይይዛል። ማርክ አሽክራፍትና ኤሊዛቤት ኪርክ በ2001 ተማሪዎች ፊደላትን በአእምሯቸው ይዘው ድምር እንዲሠሩ፣ ከዚያም ፊደላቱን በቅደም ተከተል እንዲናገሩ አደረጉ። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ፊደላቱ በዝተው፣ ድምሩም በእጅ የሚያዝ ቁጥር ሲኖረው ነበር፤ ሒሳብ የሚፈሩት ተማሪዎች ስህተት በእጅጉ አሻቀበ።

የሥራ ትውስታን በዋናነት የሚሸከመው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። የየል ዩኒቨርሲቲዋ ኤሚ አርንስተን እንዳጠኑት፣ ኖርኤፒነፍሪንና ዶፓሚን የተባሉት ኬሚካሎች በልካቸው ሲሆኑ ክፍሉን ያነቁታል፤ በከባድ ጭንቀት ከመጠን ሲያልፉ ግን የነርቭ ሴሎቹ መረጃውን እየተቀባበሉ ማቆየት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ከፈተና በፊት ልብ ትንሽ መምታቱ ክፉ አይደለም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሲያን ባይሎክና ቶማስ ካር በ2005 ያሳተሙት ግኝት ነው፦ ጫና ሲበዛ አብዝተው የተጎዱት ሰፊ የሥራ ትውስታ ያላቸው ተማሪዎች ናቸው። የለመዱት የአሠራር ዘዴ ያንን ስፋት የሚጠይቅ ነውና፣ ቦታው ሲያዝባቸው ዘዴውም ይከዳቸዋል። «የማውቀው ጥያቄ ነበር፣ ድንገት ጠፋብኝ» የሚልን ልጅ ሰነፍ ብሎ መስደብ በደል ነው።

ጄራርዶ ራሚሬዝና ባይሎክ በ2011፣ ከፈተና በፊት ጭንቀታቸውን ለ10 ደቂቃ የጻፉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ዘግበው ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ሙከራው ተደግሞ በ2018 ሲታተም ግን ያ ውጤት አልተገኘም። መምህራን ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ሌላ ነገር አለ፦ በክፍል ልምምድ ላይ ሰዓት መቁጠሩን ትቶ ስሌቱን ከነእርምጃው በረቂቅ ወረቀት ማሠራት፣ ለእርምጃውም ነጥብ መስጠት።