በስልክ የሚደርስ ጥቃት
በሴቶች ላይ በኢንተርኔት የሚፈጸም ጥቃት ስድብ ብቻ አይደለም፤ ማስፈራሪያ፣ ያለ ፈቃድ የተሰራጨ የግል ፎቶ፣ በሴቷ ስም የተከፈተ ሐሰተኛ የፌስቡክ ገጽ፣ የማያባራ የቴሌግራም መልእክትም ነው። ትምህርቷን ለመከታተል ሮቤ፣ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የገባች ወጣት መንገድ ላይ ከሚተነኩሳት ሰው ቤቷ ገብታ ታርፋለች፤ ጎባ ብትሄድም ሌሊት ብትተኛም ስልኳ ግን አብሯት ነው። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ማስፈራራትን እስከ 3 ዓመት፣ ስለ ተጎጂዋ ደጋግሞ መረጃ በማሰራጨት ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና መፍጠርን እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ያስቀጣል፤ ሁለተኛው ከባድ ሲሆን ጽኑ እስራቱ 10 ዓመት ይደርሳል። ብዙዎች በድንጋጤ የሚያጠፉት መልእክት ዋናው ማስረጃ ነው፤ ላኪውና ቀኑ እንዲታይ ተቀድቶ ለፖሊስ ይቀርባል።