ካላመመኝ ምን አስኬደኝ?

ብዙዎቻችን ወደ ጥርስ ሐኪም የምንሄደው ሌሊቱን በቅርንፉድ ስናስታግስ አድረን፣ ጉንጫችን አብጦ ነው። ከዚያ በፊትማ «ካላመመኝ ምን አስኬደኝ?» እንላለን። ነገሩ ግን ጥርስ መበስበስ ሲጀምር አያምም። ሕመሙ የሚመጣው ጉድጓዱ ዘልቆ ወደ ነርቩ ሲጠጋ ነው። ያኔ በትንሽ ሙሌት ያልቅ የነበረው ነገር ነርቭ ማከም ወይም መንቀል ይሆናል፤ ሂሳቡም በዚያው ልክ ይከብዳል። እስቲ ቤትዎ ያሉትን ሁሉ በየዕድሜያቸው እንያቸው።

ሕፃናት

የመጀመሪያው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ገደማ ብቅ ይላል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በለስላሳ ብሩሽ፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹለት። ዓመት ሳይሞላው ሐኪም ይየው። ጡጦ አፉ ውስጥ እንዳለ አያስተኙት፤ ወተቱም ጁሱም ጥርሱ ላይ ያድራል።

ልጁን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው፣ ይውጣለት» የሚል ሰው ካለ እሺ አይበሉ። ድዱ ላይ ያበጠው ገና የሚበቅለው ክራንቻ ነው። ማውጣቱ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊያበላሽ ይችላል። ለተቅማጡ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ተማሪዎች

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» ብለው አይተዉት። የኋለኞቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ፤ ለቋሚዎቹም ቦታ ይጠብቃሉ። በ6 ዓመት ገደማ ደግሞ ከእነሱ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አራት መንጋጋዎች ይበቅላሉ። ብዙ ወላጅ የወተት ይመስሉታል፤ ግን ዕድሜ ልክ የሚያገለግሉ ናቸው። ሐኪሙ መከላከያ ልባጥ እንዲቀባቸው ይጠይቁ። ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሆነው ሲቦርሽ አብረውት ይቁሙ። ከ3 ዓመት በኋላ የሳሙናው መጠን አንዲት አተር ታክላለች።

ነፍሰ ጡሮች

ፅንስ ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም ይወስዳል የሚባለው እውነት አይደለም። በሆርሞን ለውጥ ግን ድድ ቶሎ ያብጣል፣ ይደማል። ካስመለሰዎት ወዲያው አይቦርሹ፤ በውኃ ተጉመጥምጠው ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። እርጉዝ መሆንዎን ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ ሕክምናውን አያቋርጡ።

ጎልማሶች

ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን መደጋገሙም ነው። ከአቦል እስከ በረካ በስኳር የሚጠጡ ከሆነ ጥርስዎ በዚያ ሁሉ ሰዓት ዕረፍት የለውም። ስኳሩን ይቀንሱ፣ ሲጨርሱ ውኃ ይጠጡ። መፋቂያ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሆኖም በጥርስ መካከል አይገባም፣ የፍሎራይድ ሳሙናንም አይተካም። በቀን ሁለቴ፣ ለሁለት ደቂቃ ይቦርሹ። ሲጨርሱ ይትፉ እንጂ በውኃ አይጉመጥመጡ።

ሲቦርሹ የሚደማ ድድ ታሟል ማለት ነው፤ ሄደው ጥርስዎን ያሳጥቡ። በተለይ የስኳር ሕመም ካለብዎ ቸል አይበሉ፤ የታመመ ድድ የደም ስኳርን መቆጣጠር ያስቸግራል፣ ከፍ ያለ ስኳርም ድድን ይጎዳል።

አረጋውያን

የደም ግፊትና ሌሎች መድኃኒቶች አፍ ሊያደርቁ ይችላሉ። ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል። እማማ «አፌ ደረቀ» ካሉ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ውኃም ከአጠገባቸው አይጥፋ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ይወልቃል፣ በየቀኑም ይታጠባል።

ወጪውስ?

አሜሪካ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ሜዲኬይድ ካለው የጥርስ ሕክምናውንም ይሸፍናል። የአረጋውያኑ መደበኛ ሜዲኬር ግን አብዛኛውን የጥርስ ሕክምና አይሸፍንም፤ አስቀድማችሁ አስቡበት። በእንግሊዝ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና ከወለዱ 12 ወር ያልሞላቸው እናቶች በኤንኤችኤስ በነፃ ይታከማሉ።

ከቤታችሁ ሐኪም ሳያየው ዓመት ያለፈው ማነው? ምንም ባያመው፣ ቀጠሮ መያዝ ያለበት እሱ ነው።