የ«ስሎው ሞሽን» ሒሳብ ከቀረጻው ይጀምራል

የሙሽሮች አገባብና ኬክ ቆረሳ በ«ስሎው ሞሽን» ካልታየ የሠርግ ቪዲዮ ለብዙ ደንበኞች አይጥማቸውም። በኤዲቲንግ ሶፍትዌር ፍጥነቱን ወደ 50 በመቶ ማውረድ ቀላል ነው፤ 10 ሰከንዱ 20 ይሆናል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በሰከንድ 25 ምስል የተቀረጸው በግማሽ ሲዘገይ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 12 ተኩል ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ጉድለቱን ያንኑ ምስል እየደገመ ሲሞላ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። አዲስ ምስል ፈጥሮ የሚያስገባው ዘዴም የሚወዛወዝ ቬሎን ጠርዝ ሊያበላሽ ይችላል።

በሰከንድ 50 የተቀረጸ ግን በግማሽ ሲዘገይ አይቆራረጥም፤ ምሽት ላይ ተጨማሪ መብራት መጠየቁ አይቀርም። ሠርግ አይደገምምና፣ ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ መጠየቅና መብራቱን በዋጋው ማካተት የሚበጀው ውል ሲፈረም ነው።