እናቴ ውሃ መጠጣት የተወችው በሽንት ቤቱ የተነሳ ነበር!

ምሳ ላይ ከሆናችሁ ይህን ጽሑፍ ለኋላ አቆዩት። ጨርሳችሁ ከሆነ ግን እስቲ ዛሬ ስለማይወራው ነገር እናውራ... ስለ ሽንት ቤት መቀመጫ።

እኛ እኮ ሳሎን ላይ ነው ነፍሳችን! ለሶፋው ሦስት ወር እንማከራለን፤ ለመጋረጃው ቤተ ዘመድ ይጠራል። የሽንት ቤት መቀመጫ ሲሰበር ግን «ነጭ ይሁን እንጂ...» ብለን አንዱን ልጅ እንልካለን። እኔ እንኳ ልጅ አልላክሁም፤ ራሴ ሄድኩ። ከልጅ ግን አልተሻልኩም።

አሮጌው ተሰንጥቆ ማፍሰስ ሲጀምር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሾላ ገበያ ወረድን። ባለቤቴ በርበሬና ቅቤ ስትከራከር እኔ ወደ አንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር ገባሁ። ሻጩ አንዱን በጨርቅ ወልወል አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቪላ ነው!» አለኝ። በቃ፣ አለቀ! ታንኩና መቀመጫው አንድ ወጥ፣ ዝቅ ያለ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ። «የቪላ» የምትለዋ ቃል ኪሴን አስከፈተችኝ።

ቤት ደርሶ ሊገጠም ሲል የመቀመጫው መውጫና የወለሉ ቧንቧ ለየብቻ ሆኑ። ቧንቧ ሠራተኛው «ችግር የለም» አለ። (ይህቺን ቃል ከባለሙያ አፍ ስትሰሙ ተጠንቀቁ!) ቆልመም አድርጎ አገናኘውና ዙሪያውን በሲሚንቶ ለሰነው።

ሳምንት አልሞላም። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃ በሌለ ቀን በባልዲ ስናፈስበት ያ ጠባብ ጉሮሮ አልውጥ ይላል፤ ይሞላል፣ ይሞላል፣ አፉ ድረስ ይደርሳል። እኛም እየተሳቀቅን ለመድነው።

እናቴ 70ን አልፋለች፤ ጉልበቷንም ያማታል። ቡና ሲፈላ ከአቦል በኋላ ሲኒዋን መመለስ ጀመረች። ቀጥሎ ውሃውን ተወችው። ዕድሜ ነው አልን። አንድ ማለዳ ከአልጋዋ ስትነሳ አዞራትና ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሐኪሟ ፈሳሽ በጣም እንዳነሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም እንደያዛት ነገረችን። ታክሲ ስንጠብቅ «እማዬ፣ ውሃ ለምን ተውሽ?» አልኳት። ቆየችና «ልጄ፣ ያ ነገርህ ላይ ቁጭ ካልኩ መነሳት አቃተኝ። ሲሞላ ደግሞ ምራቴ ባልዲ ይዛ ከኋላዬ ስትገባ አፈርኩ» አለችኝ።

ምን ልበላችሁ... ታክሲው መጥቶ ሲያልፍ አላየሁትም።

በሁለተኛው ዙር ብቻዬን አልሄድኩም። ጡረታ የወጡ የቧንቧ ባለሙያ ጎረቤታችንን ይዤ ነው። እሳቸውም ገበያ ከመውጣታችን በፊት ሜትር አወጡ። ከተለሰነው ግድግዳ እስከ ወለሉ ቧንቧ መሃል ድረስ ለኩ። ወደ ወለል ከሚያወጡት ብዙዎቹ 30 ወይም 40 ሳንቲም የሚሉ ናቸው፤ በግድግዳ በኩል የሚወጣ ከሆነ ግን ከወለል ያለው ከፍታ ነው የሚለካው። ይህን ቁጥር ሳይዝ ሾላ የሚወርድ ሰው የማያውቀውን እግር ጫማ እንደሚገዛ ነው።

ቀጥለው እናቴን ከወጥ ቤቱ ወንበር አስነሷት። ሳትቸገር ተነሳች። ወንበሩን ለኩት፤ 44 ሳንቲም። ተራው የሽንት ቤት መቀመጫ ከወለል 40 ሳንቲም አካባቢ ነው፤ ከፍ ያለው ከ43 እስከ 48 ይደርሳል። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ እግር ይንጠለጠላል፤ ለአጭር ሰው አይሆንም።

መደብሩ ውስጥ ሻጩ የውጪውን ሲወለውል እሳቸው ጣታቸውን ጉሮሮው ውስጥ ሰደዱ። (በሳቅ ሞትኩ!) ውስጡ ሻካራ ከሆነ ቆሻሻ ይይዛል፤ እንደ ውጪው ልስልስ መሆን አለበት። ከዚያ ያስረዱኝ ነገር ከሁሉ በላይ ነው። አንዳንዱ መቀመጫ ውሃው ሞልቶ በጠባብ ጠመዝማዛ ጉሮሮ ስቦ የሚወስድ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ መልኩ ያማረ። ሌላው ውሃው ከላይ ወርዶ በቀጥታ የሚገፋ ነው፤ ጉሮሮው ሰፊና አጭር። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ሁለተኛው ይሻላል፤ አንድ ባልዲ ባንዴ ሲለቀቅበት ይውጣል።

በነገራችን ላይ በዚህ የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ሕግ አዲስ የቤት መቀመጫ ባንድ ጊዜ ከ6 ሊትር ያልበለጠ ውሃ እንዲጠቀም አዘዙ። የመጀመሪያዎቹ ግን እየተዘጉ ሕዝቡን አስለቀሱት። በ2003 አሜሪካኖችና ካናዳውያን መፈተኛ አበጁ። ምን እየጣሉ መሰላችሁ? የአኩሪ አተር ሊጥ! እስከ 1000 ግራም ድረስ ይመዘናል። ውሃ ቆጣቢ ተብሎ የእነሱን ምልክት የሚያገኝ ቢያንስ 350 ግራም ባንዴ መውሰድ አለበት። ካርቶኑ ላይ ይህ ቁጥር ካለ እሰየው። ከሌለ «ቆጣቢ ነው» ስላሉን ብቻ አንመን።

የመጨረሻው ጥያቄ የታንኩ ውስጥ ዕቃ ነበር። «ይሄ ሲበላሽ ለብቻው ይሸጣል? አሳየን እስቲ» አሉት። ሻጩ ማሳየት ሲያቅተው ወደ ሌላ መደብር አለፍን። ታንኩ ለብቻው የሚገጠመውን፣ መለዋወጫውም መደርደሪያ ላይ የተሰቀለውን ገዛን። መልኩ? ተራ ነው።

የቪላው ሲሚንቶ አልለቅ ብሎ በመዶሻ ተሰብሮ ወጣ። አዲሱ በብሎን ታስሮ፣ ዙሪያው በሲሊከን ተደፈነ፤ ነገ ቢበላሽ ተፈትቶ ይነሳል። ባለሙያው ትንሽ የቀይ ስር ውሃ ታንኩ ውስጥ አፍስሰው ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ታች ያለው ውሃ ቢቀላ ታንኩ ያፈስሳል ማለት ነው፤ በፈረቃ ያጠራቀማችሁት ውሃ ሌሊቱን እየተንጠባጠበ ያልቃል። አልቀላም።

ባለፈው እሁድ ባለቤቴ ቶናውን ቀድታ ወደ እናቴ እያየች ቆመች።

«ምን ትገትሪያለሽ፣ አምጪው እንጂ» አለች እናቴ። በረካውንም ጠጣች።