አሲዳማ አፈርን በብርሃን መመርመር፦ ከምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር አንጻር

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ አንሥቶ እስከ ደጋ ዳሞት ወረዳ መቀመጫ እስከ ፈረስ ቤት በተዘረጋው የምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ሰፊውን ቦታ የያዘው አፈር ቀይ ነው። ይህ አፈር በአፈር ሳይንስ ኒቲሶል ይባላል። ጥልቅ ነው፤ ውኃ በደንብ ያሰርጋል፤ ለማረስም እንደ ዋልካ አያስቸግርም። ችግሩ ሌላ ነው። ለብዙ ዘመናት የወረደው ከባድ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችን ከላይኛው ንጣፍ አጥቦ ስለወሰደ፣ የሰብሉ ተረፈ ምርትም ለከብት መኖና ለማገዶ ከማሳው ስለሚነሣ፣ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል፤ ምዕራብ ጎጃምም ችግሩ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

የአፈር ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የነበረው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይመርዛል። ሥሩ ያጥራል፤ ይደነድናል፤ ተክሉ ውኃና ምግብ የመሳብ አቅሙ ይቀንሳል። ከዚህ የሚከብደው ግን የፎስፈረስ ጉዳይ ነው። ገበሬው በውድ ዋጋ ገዝቶ ከጨመረው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከአፈሩ የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች ጋር ስለሚጣበቅ አብዛኛው ለሰብሉ አይደርስም። ገብሱና ስንዴው አልያዝ ሲል ማሳው ለግብጦ፣ ለእንግዶ ወይም ለባሕር ዛፍ ይለቀቃል። እንግዲህ አንድ ገበሬ ባለችው ገንዘብ ኖራ ይግዛ ወይስ ማዳበሪያ፣ ምን ያህልስ ይግዛ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ የልኬት ጥያቄ ነው። ይህን ልኬት ደግሞ በአብዛኛው የሚያከናውነው ብርሃን ነው።

የመጀመሪያው የብርሃን መሣሪያ የገበሬው ዓይን ነው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ዋልካ እያለ አፈሩን ሲለይ በእርግጥ የሚለየው አፈሩ ከፀሐይ ብርሃን የትኛውን ክፍል እንደመጠጠና የትኛውን እንዳንጸባረቀ ነው። ሄማታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ አፈሩን ያቀላዋል፤ ጌታይት ወደ ቢጫነት ይወስደዋል፤ የበሰበሰ ተዋጽኦ ያጠቁረዋል። አሜሪካዊው የሥዕል መምህር አልበርት መንሰል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያዘጋጀው የቀለም ሥርዓት ይህንኑ የዓይን ፍርድ በቁጥርና በፊደል እንዲጻፍ አስችሏል፤ የአፈር ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ሆኖም ቀለም የተወሰነ ነገር ብቻ ይናገራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀይ ማሳዎች በዓይን አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ አንደኛው ስንዴ ሊያበቅል፣ ሌላኛው ሊከለክል ይችላል።

ከዓይን ቀጥሎ የሚመጣው ቤተ ሙከራ ነው። ብዙ ሰው የአፈር ቤተ ሙከራን የኬሚካል ሥራ ብቻ አድርጎ ያስበዋል፤ ይህ ግን ከግማሽ ያልበለጠ እውነት ነው። ለሰብል የሚሆነውን ፎስፈረስ ለመለካት አፈሩ በተወሰነ ፈሳሽ ተዘፍዝፎ ይጣራል፤ በተጣራው ላይ አሞኒየም ሞሊብዴትና አስኮርቢክ አሲድ ሲጨመሩ ፎስፈረሱ ባለበት መጠን ሰማያዊ ቀለም ይወጣል። ቀሪው ሥራ የብርሃን ነው። የስፔክትሮፎቶሜትር መሣሪያ 882 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደደረሰ ይቆጥራል። ስሌቱ የቆመው ቡጌ እ.ኤ.አ. በ1729፣ ላምበርት በ1760፣ ቤር ደግሞ በ1852 ባስቀመጧቸው ግኝቶች ላይ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ፈሳሽ የገባበትን ብርሃን ግማሹን ካሳለፈ፣ ክምችቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያሳልፈው ሩብ ይሆናል፤ በሦስት እጥፍ ሲጨምር አንድ ስምንተኛ። ስለዚህ የሚያልፈውን ብርሃን የለካ ሰው ክምችቱን ለካ ማለት ነው።

ፖታሲየም የሚለካበት መንገድ ለማንኛውም የጎጆ ምድጃ ቅርብ ነው። ጨው ያለበት ወጥ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ሲፈስ ነበልባሉ ድንገት ቢጫ ይሆናል። ይህ የሶዲየም ብርሃን ነው፤ የሞገድ ርዝመቱም 589 ናኖሜትር ነው። ፖታሲየም በነበልባል ውስጥ 766 ናኖሜትር ላይ ያበራል። ፍሌም ፎቶሜትር የተባለው መሣሪያ የአፈሩን ውጥ ወደ ነበልባል እየረጨ የዚህን ብርሃን ድምቀት ይለካል። ቡንሰንና ኪርሾፍ እ.ኤ.አ. በ1859 እና በ1860 እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የብርሃን መስመሮች እንዳሉት በሃይደልበርግ ካሳዩ ወዲህ ይህ መርሕ አልተለወጠም። አውስትራሊያዊው አለን ዋልሽ በ1955 ነገሩን ገልብጦ አቶሞች የሚሰጡትን ሳይሆን የሚመጡትን ብርሃን ለመለካት ሐሳብ አቀረበ፤ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ዚንክ ዛሬ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚለኩት በዚሁ መንገድ ነው።

እነዚህ ስልቶች አስተማማኝ ቢሆኑም ዘገምተኞች ናቸው። ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ፈሳሽ፣ የተለየ ዝግጅትና የተለየ ንባብ ያስፈልጋል፤ ኬሚካሎቹም በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ናቸው። ለአንድ የምርምር ጣቢያ ይህ ይቻል ይሆናል፤ ለመላው አገር ግን አይቻልም። ከዚህ የተነሣ የታህታይ ቀይ ብርሃን ስልት የተመራማሪዎችን ትኩረት ሳበ።

ታህታይ ቀይ ብርሃንን እ.ኤ.አ. በ1800 ያገኘው ዊልያም ሄርሸል ነው። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያኖር፣ ከቀዩ ውጭ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ይበልጥ ሞቀ። ይህ የማይታይ ብርሃን ለአፈር ምርመራ የሚጠቅመው ሞለኪውሎች በውስጣቸው ስለሚርገበገቡ ነው። በሁለት አቶሞች መካከል ያለው ትስስር እንደ ክራር ጅማት የራሱ ፍጥነት አለው፤ ከፍጥነቱ ጋር የገጠመውን ብርሃን ይመጣል፤ ሌላውን ይተዋል። በ2.5 እና በ25 ማይክሮሜትር መካከል ያለው ብርሃን በዱቄት አፈር ላይ ሲያርፍ የተንጸባረቀው ክፍል የጎደሉ ቦታዎች ይዞ ይመለሳል። የቀይ አፈር ዋና ሸክላ የሆነው ካኦሊናይት በሴንቲሜትር 3695 እና 3620 ሞገዶች አካባቢ ሁለት የታወቁ ምልክቶችን ይተዋል። የበሰበሰው ተዋጽኦ 2920 እና 2850 አካባቢ ይታያል። ኖራን የመሰለው ካርቦኔትም የራሱ ቦታ አለው።

ይህን ብርሃን በየሞገዱ እየለያዩ መለካት በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር። መፍትሔው የመጣው ማይክልሰን በ1880ዎቹ ከሠራው ኢንተርፌሮሜትር ነው። መሣሪያው ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወደ ቆመ መስተዋት፣ ሌላውን ወደሚንቀሳቀስ መስተዋት ይልካል፤ ሲመለሱ እንደገና ያገናኛቸዋል። መስተዋቱ ሲንቀሳቀስ የሚመዘገበው ከፍና ዝቅ የሚል ምልክት የሁሉንም ሞገዶች መረጃ በአንድነት ይይዛል፤ ፉሪየር በተባለው ሒሳብ ሲተነተን እያንዳንዱ ሞገድ ይለያል። ኩሊና ተኪ እ.ኤ.አ. በ1965 ሒሳቡን ለኮምፒዩተር የሚያፋጥን ስልት ካሳተሙ በኋላ መሣሪያው ከጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ አንድ ናሙና ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ከደቂቃዎች አይበልጥም፤ ኬሚካልም አያስፈልግም።

ነገር ግን የሚወጣው መስመር በራሱ ፒኤች ወይም ናይትሮጅን አይልም። ቁጥር እንዲሰጥ አስቀድሞ መማር አለበት። ብዙ ናሙናዎች በኬሚካልም በብርሃንም ይመረመራሉ፤ የሁለቱ ዝምድና በስታቲስቲክስ ይሰላል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ አዲስ ናሙና የብርሃኑ ንባብ ብቻ ይበቃል። ይህን የመዛግብት ሐሳብ ለአፍሪካ አፈር ያደራጁት ኪት ሼፐርድና ማርከስ ዋልሽ ሲሆኑ፣ ከምሥራቅና ከደቡባዊ አፍሪካ በተሰበሰቡ ከ1000 በላይ ናሙናዎች ላይ የተመሠረተ ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። በናይሮቢ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የጥምር ደን እርሻ ምርምር ማዕከል ቤተ ሙከራም ለብዙ አገሮች ባለሙያዎች መማሪያ ሆኗል።

ኢትዮጵያ ይህን ስልት በሰፊው የተጠቀመችው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 በጀመረው የአፈር መረጃ ሥርዓት ነው። ኤጀንሲው በ2022 ኢንስቲትዩት ሆኗል። በየወረዳው የተሰበሰቡ ናሙናዎች በታህታይ ቀይ ብርሃንና በኬሚካል ስልቶች ተመርምረው የለምነት ካርታ ተዘጋጀ። ካርታው አፈሩ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ በተጨማሪ የሰልፈር፣ የቦሮንና የሌሎችም ጉድለት እንዳለበት አመለከተ። ለብዙ ዓመታት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ያውቅ የነበረው ገበሬ ኤንፒኤስ የተባለውን አዲስ ማዳበሪያ የተቀበለው ከዚህ በኋላ ነው። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ የፎስፈረስ ኦክሳይድና 7 በመቶ ሰልፈር ይዟል። አንድ የብርሃን መሣሪያ የተሳተፈበት ልኬት በጎጃም ገበሬ ጆንያ ውስጥ የሚገባውን ነገር ቀይሯል ማለት ይቻላል፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ የልኬት ስልት ብዙ አይደለም።

በዚህም ምክንያት የስልቱን ወሰን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። ታህታይ ቀይ ብርሃን በቀጥታ የሚያየው ሸክላን፣ የበሰበሰ ተዋጽኦን፣ ካርቦኔትንና አሸዋን ነው። ስለዚህ የካርቦንን፣ የናይትሮጅንንና የሸክላን መጠን በጥሩ ሁኔታ ይተነብያል። ፒኤችን በቀጥታ አያየውም፤ ሆኖም ፒኤች ከሸክላው ዓይነትና ከተዋጽኦው ጋር ስለሚዛመድ ግምቱ በአብዛኛው ተቀባይነት አለው። ፎስፈረስ፣ ሰልፈርና ቦሮን ግን ለሰብል በሚጠቅመው መጠናቸው እጅግ ጥቂት ናቸው፤ የራሳቸው የጎላ ምልክት የላቸውም። ብርሃኑ ስለ እነርሱ የሚናገረው በሌሎች በኩል በተዘዋዋሪ ነው። ባለፈው ዓመት ማዳበሪያ የተጨመረበትና ያልተጨመረበት ሁለት ማሳ ሸክላቸው አንድ ከሆነ የብርሃን መስመራቸውም ሊመሳሰል ይችላል፤ የፎስፈረስ መጠናቸው ግን የተራራቀ ነው። ለማዳበሪያ ምክር ይበልጥ የሚፈለገው ቁጥር ብርሃኑ በድፍረት ሊናገረው የማይችለው መሆኑ የስልቱ ትልቁ ድክመት ነው።

የካርታውም ስፋት ጥያቄ ያስነሣል። ደጋ ዳሞትን የመሰለ ተራራማ ወረዳ ከቁንጮ እስከ ሸለቆ ድረስ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የተለያየ አፈር ይይዛል። ከደጁ አጠገብ ፍግና አመድ የሚደፋበት የጓሮ ማሳ እና ከርቀት ያለው የገደል ጥግ ማሳ የአንድ ገበሬ ሆነው ሳለ አንድ አይደሉም። በወረዳ ደረጃ የተሠራ ካርታ ይህን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም፤ ለልማት ሠራተኛው የመነሻ ግምት እንጂ የማሳ ማዘዣ አይደለም።

ኖራን በተመለከተ ደግሞ የብርሃን መሣሪያው ብቻውን አይበቃም። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ኖራ በአሥር ኩንታሎች የሚቆጠር ሊሆን ስለሚችል፣ ሸክሙን ከአስፋልት ርቆ ወዳለ የደጋ ቀበሌ ማድረስ ብዙ ወጪ ነው፤ በግምት የተሳሳተ መጠን ይህን ወጪ ያለ ጥቅም ያስቀራል። መጠኑ የሚሰላው በአፈሩ ውስጥ ያለው ተለዋዋጭ አሲድ በፖታሲየም ክሎራይድ ወጥቶ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ሲለካ ነው። የልኬቱ ማብቂያ በብልቃጡ ውስጥ የሚታየው ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ነው፤ በዚህ ሁሉ መሣሪያ መካከል ፍርዱ እንደገና ወደ ሰው ዓይን ይመለሳል።

መሣሪያው በተግባር ሲሠራበት ጥንቃቄ የሚሻው ከብርሃኑ ይልቅ ዱቄቱ ነው። አፈሩ በጥላ ደርቆ፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ተነፍቶ፣ ከዚያም እጅግ እስኪልም መፈጨት አለበት፤ የእህሉ መጠን ከተለያየ ብርሃኑ በተለያየ መንገድ ይበተንና ስሕተት ይፈጥራል። በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ብርሃኑን ለሁለት የሚከፍለው አካል ፖታሲየም ብሮማይድ የተባለ ጨው ስለሆነ እርጥበት ይበላዋል፤ በክረምት እርጥበት መሣሪያው እርጥበት መጣጭ ኬሚካል ያለማቋረጥ ሊቀየርለት ይገባል። የመብራት መቆራረጥም ሌላው ፈተና ነው።

በእነዚህ ወሰኖች ውስጥ ለምዕራብ ጎጃም ይበልጥ የሚስማማው አጠቃቀም ብርሃኑን መራጭ ማድረግ ነው። ከአንድ ወረዳ የመጡ ናሙናዎች ሁሉ አስቀድመው በታህታይ ቀይ ብርሃን ይነበባሉ፤ ኮምፒዩተሩ መስመሮቻቸውን አነጻጽሮ የሚመሳሰሉትን በአንድ ወገን ይሰበስባል፤ ከየወገኑ የተመረጡ፣ በድምሩ አንድ አሥረኛ ያህሉ፣ ለፒኤች፣ ለፎስፈረስና ለተለዋዋጭ አሲድ በኬሚካል ይመረመራሉ። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት በማሳ ላይ የሚያካሂዱት የኖራና የማዳበሪያ ሙከራ ከእነዚህ የተመረጡ ናሙናዎች ጋር ሲያያዝ፣ የብርሃኑ መዝገብ የሸክላውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ያ ሸክላ ያለበት ማሳ ለኖራ የሰጠውን ምላሽም መያዝ ይጀምራል።