ከጤና ጡረታ የተመለሰ ሠራተኛ ዓመታት ወዴት ይሄዳሉ?

በሰሜን ወሎ፣ ከግራና እስከ ወልድያ ባለው መስመር ደመወዝ የሚበላው ሰው አሠሪ በአብዛኛው መንግሥት ነው፤ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የመርሳ ግብርና ኮሌጅ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል። ከእነዚህ በአንዱ የሚሠራ ሰው ጤናው ሥራውን አላስቀጥል ሲለው ወደ ሕክምና ቦርድ ይላካል። 10 ዓመት ካገለገለ የጤና ጉድለት የጡረታ አበል ያገኛል። ካልሞላለት በአንድ ጊዜ ዳረጎት ይሰናበታል።

ሕመም ግን ሁሌ እንደ ቦርዱ ወረቀት ቋሚ አይደለም። የሚድን አለ፤ ሕመሙ ባይለቀውም የቢሮ ሥራ የሚችል አለ። ታዲያ ሰውየው ገና በአርባዎቹ ሳለ ሥራ ሲያገኝ የቀድሞ ዓመታቱ ምን ይሆናሉ?

ነገሩ በቁጥር ይታይ። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ቀመር 10 ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኝ ነበር። በየተጨማሪው ዓመት 1.25 በመቶ ይደመርለት ነበር፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነበር። 12 ዓመት አስተምሮ በጤና የወጣ መምህር 32.5 በመቶ ይደርሰዋል እንበል። ድኖ ተመልሶ 8 ዓመት ቢሠራ፣ ስምንቱ ብቻቸውን ቢቆጠሩ 10 ስለማይሞሉ ከዳረጎት አያልፉም። ከአሥራ ሁለቱ ጋር ቢደመሩ ግን 20 ዓመት፣ 42.5 በመቶ ይሆናሉ። በእኔ ግምት ከመቶኛውም በላይ የሚያመዝነው ስሌቱ የሚያርፍበት ደመወዝ ነው፤ የዛሬ አሥር ዓመት ደመወዝ ዛሬ ምን ይገዛል?

የግል ድርጅት ሠራተኛ ከ2003 በፊት በሕግ የተደነገገ ጡረታ አልነበረውም፤ ዕድለኛው ፕሮቪደንት ፈንድ ነበረው። አዋጅ 715/2003 መጣ፤ በ2014 ደግሞ ሁለቱም አዋጆች በ1267 እና 1268 ተተኩ። መዋጮው በሁለቱም ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ቢሆንም ፈንዱም አስተዳደሩም ሁለት ነው። ከመንግሥት በጤና ወጥቶ ወልድያ በግል ትምህርት ቤት የሚቀጠር ሰው በሁለቱ መካከል ይቆማል። አበሉ እንዳይቋረጥበት የሚፈራው መዋጮ በማይቆረጥበት ጊዜያዊ ሥራ ይደበቃል፤ እዚያ የሚያልፈው ዘመን ለጡረታ አይቆጠርም።

እንግሊዞች በብሔራዊ የጤና አገልግሎታቸው የጡረታ ሥርዓት የራሱን ሥራ ብቻ መሥራት ያልቻለውን ማንኛውንም መደበኛ ሥራ ካልቻለው ለይተው በሁለት ደረጃ ይከፍሉታል። መለየቱ የሚመለሰውን ሰው ጉዳይ ከመጀመሪያው ያቀልለታል። የእኛም ቦርዶች «ምን መሥራት ይችላል?» የሚለውን አብረው ቢጽፉ መልካም ነበር።

በሰሜን ወሎ ሌላም ችግር አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ሳሉ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል። አገልግሎት ደግሞ የሚረጋገጠው በማህደር ነው።

ስለዚህ ከጤና ጡረታ ወደ ሥራ የምትመለሱ፣ የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የሕይወት ታሪክ ቅጻችሁንና የቦርዱን ውሳኔ ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ። ውል ሳትፈርሙ አበሉ ይቋረጥ እንደሆነና የቀድሞው አገልግሎት ይደመር እንደሆነ የማህበራዊ ዋስትና አስተዳደሩን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።