«ግራኒ» ብሎ ማክበር አለ እንዴ?

እስቲ አንድ ጥያቄ! ታክሲ ውስጥ ለማታውቋቸው አሮጊት ተነስታችሁ «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብትሏቸው ምን ይከተላል? ምርቃት ነዋ! ይህንኑ ለፈረንጅ ባልቴት «ግራኒ» ብላችሁ ብትሞክሩት ግን ምርቃቱ ቀርቶ ፊታቸውን ሊያጠቁሩባችሁ ይችላሉ።

አሜሪካ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ወጣት የደረሰባት ይኸው ነው። የምትንከባከባቸውን ሴትዮ በፍቅር «ግራኒ» ብትላቸው «የማን አያት ነኝ?» ብለው አለቃዋ ዘንድ ከሰሷት። ከእንጀራዋ ልትፈናቀል ለጥቂት ተረፈች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ለአንተም ለእርስዎም ያለው ያው አንድ «ዩ» ነው። እኛ ደግሞ ለትልቅ ሰው አክብሮት ካልጨመርን አፋችን አይፈታም። ስለዚህ «እማማ»ን ወደ «ግራኒ» ገልብጠን እንለጥፋለን። «ግራኒ»፣ «ግራንማ»፣ «ናና»፣ ለወንድ አያትም «ግራንፓ»፣ «ግራምፕስ» የሚባሉት ግን የልጅ ልጅ የሚያቆላምጥባቸው የቤት ስሞች ናቸው። («ናና»ን አማርኛ የሚያውቅ ወንድ ቢሰማ እኔን ነው ብሎ እንዳይመጣ!) ከባዕድ አፍ ሲወጡ «አርጅተዋል እኮ» እንደማለት ይሆናሉ።

ቃሉ ከቤት ወጥቶ የዋለበትን ብታዩ አይገርማችሁም። ሳብ ሲያደርጉት የሚንሸራተተውን አጉል ቋጠሮ መርከበኞች «ግራኒ ኖት» ይሉታል። እየተንቀራፈፈ መኪና የሚነዳ ጎረምሳም «እንደ ግራኒ ትነዳለህ» ይባላል። ደግ ደጉም አለ። እንግሊዝና አውስትራሊያ ውስጥ ግቢ ላይ ለአያት የምትሠራ፣ እኛ ሰርቪስ የምንላት ዓይነት ትንሽ ቤት «ግራኒ ፍላት» ናት። ያ ኮምጣጣ አረንጓዴ ፖም፣ «ግራኒ ስሚዝ»፣ ስሙን ያገኘው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1868 ገደማ ሲድኒ አጠገብ ካበቀሉት ከማሪያ አን ስሚዝ ነው። እሳቸውስ የእውነት አያት ነበሩ።

ታዲያ ምን እንበል? ለሴት «ማም»፣ ለወንድ «ሰር» ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ነገር አይመጣም። ስትቀራረቡ ደግሞ «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ናና በይኝ» ካሉ እሰየው! ብዙዎቹ ግን የመጠሪያ ስማቸውን ብቻ ነው የሚነግሯችሁ። የሰማንያ ዓመት ሴትዮ «ሜሪ» ብሎ መጥራት ለእኛ አፍ ይከብዳል። ቢከብድም ግን እሳቸው የፈለጉት እሱን ነው።